ወንድይራድ የሞላው አየር

የባሏ የወንድይራድ አርባ በወጣ ማግስት፣ አሰለፈች የአየር ጠመንጃውን ይዛ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የጠመንጃ መጠገኛዬ ድረስ መጣችልኝ።

«ጋሼ ንጉሡ፣ ውስጡ ያለው አየር ወንድይራድ በገዛ እጁ በፓምፕ የሞላው ነው። እየሾለከ ነው መሰለኝ፤ ሳያልቅብኝ ይድፈኑልኝ።»

የአየሩን መጠን የሚያሳየውን ጌጅ አየሁት። ዜሮ ላይ ነው።

«አልቋል፣ አሰሉ።»

 አየሩ በየት በኩል እንደወጣ ለማወቅ፣ እንደ ልማዴ መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀባሁት። ባዶ ጠመንጃ አረፋ አያወጣም። አንዲት አረፋ ግን ቀስ ብላ ተነፋች፤ ሳትፈነዳ ሟሸሸች፤ ደግማ ተነፋች።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩና መጋጠሚያውን የምደፍንበትን አዲስ የጎማ ቀለበት አነሳሁ። አሰለፈች እጄን ያዘችኝ።

«ይተዉት፣ አይድፈኑት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲተኛ እንደዚህ ነው የሚተነፍሰው።»