ዘመድ ለዘመድ አይገምትም

ለቤት ገማቾች የሥነ ምግባር ትምህርት የሚሰጠው መምህር በሕይወቱ አንድም ደንብ ጥሶ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚጥስለት ሰው ያገኛል።

የአገሩ ገማቾች ፈቃድ ሲያወጡም ሲያሳድሱም በእሱ ክፍል ያልፋሉ። ዘመድ ለዘመድ እንደማይገምት፣ ገማች ዋጋው ማንን እንደሚጠቅም ማወቅ እንደሌለበት፣ መቸኮል ራሱ መስገብገብ እንደሚመስል ጣቱን እያወዛወዘ ያስተምራቸዋል። እነሱም ይጽፋሉ። የሚያምኑትም አይጠፉም።

አባቱ ሞተው ቤታቸው ለእሱና ለታላቅ እህቱ ሲቀር ይህ ሁሉ ዕውቀት ሥራ አገኘ። ቤቱ ከአዲሱ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፤ ጣቢያው ከተከፈተ ወዲህ የሰፈሩ መሬት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። እህቱ አባቷን ያስታመመችው እዚያው ቤት ነው። አሁንም በፊት ለፊቱ ክፍል የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች ትኖርበታለች። ቤቱ ከእጇ ከወጣ መጠለያዋም መተዳደሪያዋም አብሮ ይወጣል። መምህሩ ግን ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ካሰበ ቆይቷል፤ የአባቱ ሬሳ ሳይወጣ ግቢውን በእርምጃ ሲለካ ያዩት ለቀስተኞች ሐዘን ያንቆራጠጠው መስሏቸው ነበር።

«እኔ ልገምተው አልችልም እትዬ» አላት። «ዘመድ ለዘመድ አይገምትም።»

በምትኩ ገለልተኛ ሰው አመጣ። ገለልተኛ የተባለው፣ ባልደረቦቹ «አቤት» እያሉ የሚጠሩት ጎልማሳ ገማች ነው። አቤት ፈቃዱን ለማሳደስ የመምህሩን ፈተና ማለፍ አለበት፤ ባለፈው ወድቋል፣ የአሁኑ ደግሞ ገና አልታረመም። መምህሩ ዋጋውን ዝቅ አድርግ አላለውም። ደንብ ይከለክላላ! ቤቱ በጣም ማርጀቱን ነግሮት በረጅሙ ተነፈሰና፣ የፈተናው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንደሆነ ጨመረለት። አቤት ትምህርት አይገባውም እንጂ እንዲህ ያለው ነገር ፈጥኖ ይገባዋል።

ከግምቱ በፊት ወንድምና እህት ጠበቃ ዘንድ ሄደው ተዋዋሉ። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ድርሻ በተገመተው ዋጋ ይገዛል፤ ክፍያውን ቀድሞ ያቀረበ ገዢ ይሆናል። ጠበቃዋ የገዢው ስም ቢገባ እንደሚሻል ብትናገር መምህሩ እጁን አነሳ።

«ገማቹ ገዢው ማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ውሉም ማወቅ የለበትም።»

አባባሉን ስለወደደው ደገመው። የልብስ ሰፊ አቅም የት ድረስ እንደሆነ ስለሚያውቅ የገዢው ስም አላሳሰበውም።

እህቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋው ከተነገረ በኋላ አንዳቸው ቢጸጸቱስ? መምህሩ መጸጸት ብሎ ነገር እንዳይኖር እንዲጻፍ አደረገ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎም እህቱን እያየ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች።

አቤት ሜትሩን ይዞ ሲመጣ ቤቱን ያስጎበኘችው እሷው ነች። የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሳይጠይቃት አሳየችው። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ወንበር ላይ ቆማ ጠቆመችው። ቁም ሳጥኑን አብራው ገፍታ ከጀርባው ያለውን እርጥበት እንዲነካ አደረገችው። የባቡሩ ጩኸትማ እንቅልፍ እንደሚነሳ ደጋግማ ነገረችው። ባለፈው ወር ሌላ ሰው መጥቶ ቤቱን ለክቶ መሄዱንም አነሳችለት፤ አቤት የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው ይሆናል ብሎ አለፈው። የዋህ ሰው የመምህር ሥራ ያቀልላል፤ እሷ ደግሞ ጭራሽ ሠርታ ጨረሰችለት።

አቤት ይህን ሲያወራለት መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ድሮም ተንኮል አልፈጠረባትም» አለ። ትንሽ አዘነላትም፤ ሐዘኑ ግን ሻዩ እስኪቀርብ እንኳ አልቆየም።

የጎረቤቱ ባለሱቅ ግን ከልቡ አዘነ። ሴትዮዋ በገዛ አፏ ቤቷን ስታጣጥል በአጥር በኩል ሰምቷታል። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ባንክ ስትመላለስ ያያት ስለነበር፣ ለምትከራየው ቤት ቀብድ እየፈለገች መሆኗን ገምቷል። ለሚስቱ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አላት።

ግምቱ በተነበበ ዕለት ጠበቃዋ መነጽሯን ወልውላ ቁጥሩን ደግማ አየችው። በዚያ ዋጋ በዚያ ሰፈር የመኪና ማቆሚያ እንኳ አይገዛም። መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ እጅግ ማዘኑን አሳየ።

«እኔም ከዚህ ከፍ የሚል መስሎኝ ነበር እትዬ» አላት። «ግን የተናገረው ባለሙያ ነው።»

እህቱ አንገቷን ደፋች። «እኔ አላውቅበትም» አለች። «አንተ ትክክለኛ ዋጋው ነው በለኝና ልፈርም።»

«ትክክለኛ ነው። እንደ መምህርነቴ እመሰክራለሁ።»

ጠበቃዋ ምስክርነቱን መዘገበች። እሱ ፈረመ፣ እሷም ፈረመች።

መምህሩ ግምቱ ከመነበቡ በፊት የሞላው ቼክ መኪናው ውስጥ አለ። ዛሬውኑ ቢያመጣው ግን መስገብገብ ይመስላል፤ ሰኞ፣ ነገሩን ሲያሰላስል እንደከረመ ሰው ረጋ ብሎ ይዞት ይመጣል። ስለዚህ ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈና፣ ሌላ ቤት እስክታገኝ ሁለት ወር እንደሚታገሣት ነገራት። ይህን ሲል በገዛ ደግነቱ ልቡ ተነካ።

እህቱ አመሰገነችው፤ ከዚያም ከቦርሳዋ ቼክ አውጥታ የተነበበውን ቁጥር እኩሌታ ሞላችና ለጠበቃዋ እያቀበለች፣ «የወንድሜን ድርሻ ገዝቻለሁ» አለች።