ሌላኛው እጅ

ባሮ ዳርቻ ላይ በቢላ ከተወጋው ዓሣ አጥማጅ ጭን ደም ይፈናጠር ነበር። ለተግባር ልምምድ ከአምቡላንሱ ጋር የወጣችው ተማሪ ቁስሉን በሁለት እጇ ተጭናለች። መምህሯ «እስክመለስ እንዳትለቂው» ብሏት ቃሬዛ ሊያመጣ ሮጧል። የወጋው ሰውዬ ግን ቀድሞት ተመለሰና ቢላውን አንገቷ ላይ ደቀነ።

«እጅሽን አንሺ!»

«ካነሳሁ ይሞታል።»

«መረቤን የቆረጠ ይሙት!»

ትከሻዋ ላይ ትኩስ ነገር ተንጠባጠበባት። ቀና ስትል በጠቡ የተሰነጠቀ ግራ ክንዱን አየች። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ያንተም ደም እያለቀ ነው» አለችው፣ እጇን ሳታነሳ። «በሌላኛው እጅህ ጥብቅ አድርገህ ተጫነው።»

ሰውዬው ክንዱን አየ። ከዚያ ቢላ የጨበጠውን ሌላኛውን እጁን አየ።

ቢላው ጉልበቷ ሥር ወደቀ።