ድሬ ዳዋ፣ ሁለት ገጽ

ኑርሀን የአቶ ሣህሉን የትዝታ መጽሐፍ ረቂቅ ድሬ ዳዋ የሚለው ምዕራፍ ላይ ገልጣ ፊታቸው ታስቀምጠዋለች።

«አባባ ሣህሉ፣ ለአይሻ ጣቢያ ሠላሳ ገጽ ሰጠህ። ለአዲጋላ ሃያ። ቤትህ ላለበት ለድሬ ሁለት?» በድሬ ወግ ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን «አንተ» ነው።

«ድሬ ስደርስ እኮ ሥራ አለቀ» ይላሉ ጡረተኛው የባቡር ነጂ። «ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ምን ይጻፋል?»

ኑርሀን አርታኢ ናት፤ የሰው ረቂቅ ዘርግታ ይህ ይቅደም፣ ያ ይውጣ፣ እዚህ ጋ ነገር ጎደለ የምትል። የሳቸው ረቂቅ ድልድዩም፣ ጎርፉም፣ የሞተሩ ብልሽትም አለበት። ልብ ግን የለውም። ልቡ ያለው ሳቢያን ሰፈር፣ እዚሁ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው፤ አምና ያረፉት ባለቤታቸው የወይዘሮ የሺአረግ ፎቶ። ስማቸው በመጽሐፉ አንድም ቦታ የለም። ሽማግሌውን ስለሳቸው ብትጠይቅ ተቀይመው ረቂቁን ሳጥን ውስጥ እንዳይቆልፉበት ትፈራለች። ካልጠየቀች ደግሞ መጽሐፉ የጣቢያ ዝርዝር ሆኖ መቅረቱ ነው።

«እማማ የሺ መምጣትህን በምን ታውቅ ነበር?»

አቶ ሣህሉ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

«እሱ አይጻፍም።»

«ለምን?»

አለቃቸው ከመጋረጃው ጀርባ የቆመ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ጡሩምባ ያለ ምክንያት መንፋት ያስቀጣል። እኔ ደግሞ ከተማው ጥግ ስደርስ ለሷ እነፋ ነበር። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ያን ጊዜ ወጡን ትጥዳለች። ሌላ ነጂ ቢነፋ ንቅንቅ አትልም። የኔን ትለያለች።»

እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ደንቡ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።

«አቦ አባባ፣ አሁን ማን ይቀጣሃል? አለቃህም ሞቷል፣ የድሮው ባቡርም ቆሟል።»

ሽማግሌው ይስቃሉ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ ይሰበራል። ኑርሀንም እንባዋ ይቀድማታል፣ አትደብቀውም። ሁለቱን ገጾች ከመሀል መዛ ከሁሉም በላይ ታስቀምጣቸዋለች።

«ከቤትህ ነው የምንነሳው። በል አሰማኝ፣ እንዴት ነበር የምትነፋው?»

«ወይ አንቺ ልጅ!»

ግን ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከግቢው በር አያልፍም።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳው በር አዙረው ይጠብቃሉ።