በፊትዎ ልለፍ

ሊያናዋቲ እናቷን ወደ ጓሮ ልትጎትታቸው ሞከረች። እናትየው ግን ከሱቃቸው ደጃፍ፣ ከወንበራቸው አልነሳም አሉ። ጠዋት፣ በኢንዶኔዥያዋ ሶሎ ከተማ የቻይናዎች ሱቅ እየተሰበረ ነው ሲባል፣ ጎረቤቶች በላሜራው በር ላይ «የአገሬው ሰው ንብረት ነው» ብለው በቀለም እንዲጽፉ መክረዋቸው ነበር። «ሶሎ ውስጥ ቻይና መሆኔን የማያውቅ ማን አለ? ይልቅ መሳቂያ አታድርጉኝ። የሰፈሬ ሰው እኔን አይነካም» ብለው መለሷቸው።

አሁን በሩ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ሰዉም ባቲክ የሚባለውን ባለጌጥ ጨርቅ በጣቃ በጣቃው እየተሸከመ በአጠገባቸው ይወጣል። ሊያናዋቲ የትርጉም ተማሪ ነበረች። በዚያው ሳምንት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በሁከት መሀል ንብረትን በጉልበት መንጠቅ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ገጥሟት፣ በኢንዶኔዥያኛ «ፐንጃራሃን» ብላ ጽፋ ብዙም ሳታስብ አልፋው ነበር።

ከኋላቸው ባለው ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ዋጊማን የእናትየውን የስፌት መኪና በትከሻው ይዞ ከሱቁ ውስጥ ወጣ። የራሱ የሰርግ ሸሚዝ የተሰፋው በዚያ መኪና ነበር። እናትየውን ሲያይ ቆመ። ሊያናዋቲ መኪናውን የሚያስቀምጠው መሰላት። እሱ ግን በትልቅ ሰው ፊት ሲታለፍ እንደሚደረገው ከወገቡ ጎንበስ አለና ቀኝ እጁን ወደ መሬት ዘረጋ። መኪናው ተንሸራቶ ሊወድቅበት ሲል በአንገቱ ደገፈው።

«ይቅርታ እትዬ፣ በፊትዎ ልለፍ።»

«እለፍ ልጄ» አሉ እናትየው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሉት እንደኖሩት። ከዚያም እንዳያደናቅፈው እግራቸውን ወደ ወንበሩ ስር ሰበሰቡ።