«ኖረች» ከሚለው ቃል ቀጥሎ

«እናትዎ ስንት ዓመት ኖረች ልበል?» አለ ድንጋይ ጠራቢው ኤውቲኩስ፣ ቀይ ቀለም ውስጥ የነከረውን ብሩሽ ወደ ሣጥኑ አስጠግቶ።

ቫሌንስ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። የእናቱ አመድ የሚቀመጥበት የእብነ በረድ ሣጥን ጽሑፉ አስቀድሞ ተቀርጾ የሚሸጥ ነው፤ የሚጎድለው ስምና ዕድሜ ብቻ። «ኒኬ» የሚለው ስሟ ገብቷል። «ኖረች» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው። ከሥሩ «አሳቢ ልጇ አሠራላት» ይላል። ያቺን መስመር ላለማየት ዓይኑን የሮም በር ወደሆነው ወደ ኦስቲያ ወደብ ሰደደ።

ለፍልስፍና ትምህርት አቴንስ ሳለ፣ ነፍስ ትሞታለች አትሞትም እያለ ሲከራከር ይውል ነበር።

«እንጃ» አለ በመጨረሻ። «ባሪያ ሆና ነው የተወለደችው። ቀኑን የያዘላት የለም።»

«እርስዎስ ጠይቀዋት አያውቁም?»

«አላውቅም።»

«ምን ችግር አለው፣ ‹ገደማ› እንላለን። ግማሹ የኦስቲያ ሙት ‹ገደማ› ነው።» ኤውቲኩስ በር ላይ ወደተቀመጠችው የኒኬ ጎረቤት ዞረ። ሴኩንዲላ ጆሮዋ ይከብዳል። «እማማ፣ የኒኬ ስንት ነው? ዓመቱ!»

«እሱን ነው የምትጠይቀኝ? ስድስት ዓመት፣ ከአራት ወር፣ ከአሥራ አንድ ቀን። እስከሞተችበት ማለዳ ድረስ ስትቆጥርልኝ ኖራ።»

የሚነገረውን መጻፍ የለመደው የኤውቲኩስ እጅ ጽፎ ጨረሰ። ከዚያ ቆመ። «ይኼ የሕፃን ዕድሜ ነው እኮ፣ እማማ።»

«የምን ዕድሜ? ልጇ መርከብ ከተሳፈረ ወዲህ ነው እንጂ። አንተ ደግሞ ስትጠይቅ ለይተህ ጠይቅ።»

አምና እናቱ ለቫሌንስ በሰው እጅ አጽፋ፣ ባሕሩ በክረምት ማዕበል ለመርከብ ሳይዘጋ ናልኝ ብላው ነበር። አንድ ክረምት ብቻ ታገሺኝ ብሎ መለሰላት። የደረሰው በሞተች በስምንተኛው ቀን ነው።

«ቀለም ነው፣ ይጠፋል» አለ ኤውቲኩስ፣ እርጥብ ጨርቅ አንስቶ።

ቫሌንስ እጁን ያዘው። «ተወው። እንዳለ ቅረጸው።»

«አላፊ አግዳሚው ሕፃን ሞታ ነው ይላል እኮ።»

«ይበል። እሱን ሳይሆን ይቺን አጥፋልኝ» አለና ጣቱን «አሳቢ ልጇ» ላይ አሳረፈ።

ኤውቲኩስ ጣቱንም ፊቱንም አየ። «እሷማ ቀለም አይደለችም ጌታዬ፤ ተቀርጻለች» አለው ቀስ ብሎ።

ጨርቁን አስቀምጦ መሮውን አነሳ። «ስድስት» የሚለውን ሲቀርጽ የሚረግፈው ነጭ ብናኝ ቁልቁል ወርዶ፣ ከሥር ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ይሞላቸው ጀመር።