ከግድግዳው ሥር የተተከሉ መብራቶች

በሩሲያ ሰሜን ጫፍ ባለችው የወደብ ከተማ በሙርማንስክ ፀሐይ የማትወጣበት ወር ገብቷል። ከወደቡ በላይ ያለው አሮጌ መኖሪያ ቤት ዛሬ በአዲስ መብራት ሊደምቅ ነው። መብራቱን የነደፈችው ራይሳ ናት፤ ግድግዳውን ያስለሰነው ተቋራጩ ዬፊም ሉኪች። ራይሳ ደግሞ ይህን ሰው ቆሽቷ እስኪያር ትጠላዋለች።

ብትጠላው አይፈረድባትም። ታናሽ ወንድሟ ግሌብ ባለፈው በጋ የዚህን ቤት ቀኝ ጥግ ሲለስን ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ማንም እዚያ መውጣት አልፈለገም፤ ጥጉ እሱ እንደለሰነው ቀርቶ፣ ከታች በረጅም ዘንግ ቀለም ብቻ ተቀባ።

ዬፊም ለመርማሪዎቹ «ልጁ አልጠጣም፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር» ብሎ መስክሯል።

«በሙገሳ አፋችንን ሊያዘጋን ነው!» አለች ራይሳ። «በሰበሰ ጣውላ ላይ ያወጣው እሱ! ሥራው ሁሉ ብስባሽ!»

በቀሏን በሙያዋ ልትወጣ ቆረጠች። መብራት ከግድግዳ ሲርቅ ጉድ ይሸፍናል። ከሥሩ ተጠግቶ ሽቅብ ሲበራ ግን እያንዳንዷ እብጠት ጥላዋን ትጥላለች። ራይሳ ሁሉንም ከሥር ተከለቻቸው። አገር ምድሩ የዬፊምን ሥራ ይይለት!

የምረቃው ዕለት ዬፊም ቆቡን አውልቆ ወደ እሷ መጣ።

«ራይሳ፣ ልጄ፣ መብራቶቹን ትንሽ አርቂያቸው።»

«ፈራህ አይደል?»

«ሌላውን ተዪው። የቀኝ ጥጉን ብቻ። ለእናትሽ ብዬ ነው።»

«ልጇን የበላኸው አንሶ ስሟንም ትጠራለህ? ዞር በልልኝ!»

ዬፊም ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እናቷን አየና ቆቡን መልሶ ደፍቶ ዞር አለ።

እናቷ አንፊሳ በጎረቤት ክንድ ተደግፋ ከሕዝቡ ፊት ቆማለች። የልጇን ገዳይ ውርደት ልታይ ነው የመጣችው። «ዛሬስ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል» አለች።

ራይሳ ማብሪያውን ተጫነች።

ግድግዳው ከግራ ጀምሮ እንደ እንቁላል ልስልስ ብሎ በራ። አንዲት እብጠት የለችበትም። ራይሳ ዓይኗን ማመን አቃታት። ቀኝ ጥጉ ላይ ሲደርስ ግን ልስኑ ተንጋደደ። እዚህ ተቆልሏል፣ እዚያ ተፍቋል፤ የተንሸራተተ መዳፍ ከነጣቶቹ ጥላውን ጥሏል።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «ይሄን የለሰነውስ ጥንብዝ ብሎ ሰክሮ ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

አንፊሳ ብቻ አልሳቀችም።

«ራይሳ» አለች፣ «ያ የግሌቤ ጥግ አይደለም እንዴ?»