ያልቀላው ተረከዝ

ሲስተር ረቡዕ ረቡዕ ትመጣለች። የምትመጣው በሽተኛዋን ልታክም ሳይሆን አስታማሚዎቹን ልታስተምር ነው። በሽተኛ በአንሶላ ተስቦ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ምን ያህል ቀና ብሎ እንደሚጎርስ፣ ቆዳው የት የት መታየት እንዳለበት ታሳያለች።

ተማሪዎቿ ሁለት ናቸው። አንዷ የበሽተኛዋ ልጅ ናት። ለዓመታት በስልክ ብቻ ነበር የምትገኘው፤ እናቷ ወድቃ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ያለ ጊዜ ግን ሥራዋን ጥላ ከሌላ ከተማ መጣች። «በእግርሽ እስክትቆሚ የትም አልሄድም» ብላ ማለች። ሁለተኛዋ ተቀጣሪ ናት። ክንዷ ጠንካራ ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ ይብሳል። ሰፈሩ «ብረቷ» ይላታል።

እናትየው ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ከመታመሟም በፊት ዓይነ አፋር ነበረች፤ ሰው ሲጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከወደቀች ወዲህ የምትናገረው ጥቂት ነው። ገላዋን ስለሚያጥቧት ሰዓት ባይወራ ይሻላል።

አንድ ረቡዕ ሲስተር ብርድ ልብሱን ገልጣ የእናትየውን ተረከዝ በመዳፏ ያዘች።

«መጀመሪያ የሚቀላው ይሄ ነው። ዝም ካላችሁት ይቆስላል» አለች። «ይህን ያህል ወራት ተኝታ ተረከዟ እንዲህ ያማረ በሽተኛ ግን አላየሁም። ማናችሁ ጎበዟ?»

«እኔ ነኛ» አለች ልጅቷ። «ከእግሯ ሥር ትራስ የማደርገው እኔ ነኝ።»

«ትራሷን አድርጋ ትተኛለች» አለች ብረቷ። «የምገለብጣቸው እኔ።»

«እንደ ጆንያ ነው የምትገለብጫት።»

«ጆንያ ቢሆኑማ ተሸክሜ ገበያ አወጣቸው ነበር።»

ሲስተር ሳቋን ዋጠች። እናትየው ፊቷን አዞረች።

ጠባቸው ከማለዳ ይጀምራል። ብረቷ ማንኪያውን እናትየው እጅ ላይ ታኖርና ክንዷን አጣጥፋ ትቀመጣለች። «እትዬ፣ እኔ ከእርስዎ የባስኩ ሰነፍ ነኝ። እስኪጎርሱ እጠብቃለሁ» ትላለች። ልጅቷ ማንኪያውን ትነጥቃለች፤ ሲስተር ባለችበት ረቡዕም እንዲሁ ሆነ።

«በረሃብ ልትገያት ነው?»

«እጅ አላቸው።»

«ሲስተር፣ ስሚልኝ።»

«የምትችለውን ለእሷ መተው ነው ትምህርቱ» አለች ሲስተር። ልጅቷ ያን ቀን ሙሉ አኮረፈች።

ከዚያ የነጠላ ጫማው ነገር መጣ። ልጅቷ ከአልጋው ሥር የእናቷን ጫማ አውጥታ ገለበጠችው። ሶሉ ላይ የወጥ ቤት ዱቄት ተጣብቋል።

«የእናቴን ጫማ ማን አድርጎት ነው?»

ብረቷ እግሯን ዘረጋች። «ይሄ እግር እዚያ ውስጥ ይገባል? አውራ ጣቴም ከገባ ትልቅ ነገር ነው።»

«የመደርደሪያው ብስኩትስ? እሱንም አውራ ጣትሽ ነው የበላው?»

ብረቷ ዱቄቱን አየች፤ ቀጥላ እናትየውን አየች። ጫማውን ተቀብላ ሶሉን ጠረገችና ወደ ቦታው መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ ብረቷ ባሰባት። ማንኪያውን ሰጥታ የምትቀልደው ቀረ። አንድ ቀን ልጅቷ በር ላይ ቆማ ሰማቻት፤ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ በዝግታ ትናገራለች።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው? እኔም ሰው ነኝ፣ ትዕግሥቴ ያልቃል።»

ልጅቷ የሰማችውን ለሲስተር ነገረቻት። ሲስተር በሚቀጥለው ረቡዕ ከተረከዙ አልጀመረችም፤ መላ አካሏን አየች። ከጉልበት በታች፣ ፊት ለፊት አጥንቱ ላይ፣ ሁለቱም እግር በልዟል። አንደኛው ገና ትኩስ ነው።

«ይሄ በመተኛት የሚመጣ አይደለም» አለች። «አንድ ነገር መትቷታል።»

«አላልኩም?» አለች ልጅቷ። «ከአልጋው ብረት ጋር ነው የምታላትማት።»

«እኔ አልነካኋቸውም።»

«ታዲያ ማን ነካት፣ ግድግዳው?»

ሲስተር ጓንቷን አወለቀች። «ለላከሽ ድርጅት መናገር ግዴታዬ ነው። ከዚህ በኋላ አስታማሚ ብሎ የሚቀጥርሽ ቤት አይኖርም።»

ብረቷ እጆቿን አየቻቸው። ድምፅዋ አነሰ። «ልጆቼ የሚበሉት በዚህ እጅ ነው። እሳቸው ይፍረዱኝ። እትዬ፣ እኔ ነኝ የመታሁዎት?»

ሦስቱም ጠበቁ። የእናትየው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ፈርታ ነው» አለች ልጅቷ። «ይኸው መልሱ፣ ሲስተር።»

ሲስተር ቦርሳዋን አንሥታ ልትደውል ወጣች። ልጅቷ እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። «አይዞሽ እማዬ። ሥራውም ይቅር፣ ሁሉም ይቅር። ከእንግዲህ እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

ብረቷ ሽርጧን አውልቃ አጠፈች። ወለሉን እንደ ልማዷ ቃኘች፤ ነጠላ ጫማውን ከአልጋው ጎን አጋጥማ አስቀመጠች። ቦርሳዋን አንግታ በሩን እስከ ጥጉ ከፈተችው። የደረጃው ብርድ ገባ።

«ዝጊው እንጂ፣ በሽተኛ አለ» አለች ልጅቷ።

«የሚበርደው ይዝጋው» አለች ብረቷ፤ ዓይኗ ግን ልጅቷ ላይ አልነበረም።

«ቆይ፣ ቦርሳሽ ሳይፈተሽ ከግቢ አትወጪም።»

ልጅቷ እየተሳደበች ተከተለቻት። ድምፃቸው ደረጃውን ወርዶ ራቀ። ነፋሱ የመጋረጃውን ጫፍ አንሥቶ አልጋው ላይ ጣለው።

በረደኝ፤ ጫማዬን አጥልቄ ተነሣሁና ዘጋሁት።